የቀላሉ ፍሊስ ጃኬት ታሪክና ሚዛኑ

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ የሚለብሰው ልብስም የራሱ ታሪክ አለው። ይህም ታሪክ ስንት ሰው በብርድ እንደ ሞተ፣ ስንቱም በብልሃት እንደ ዳነ የሚያስረዳ ስለ ሆነ እንደ ተራ ነገር ሊታለፍ አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ዛሬ በየሱቁና በየሰልባጅ ተራው ተሰቅሎ የምናየውን፣ ተማሪውም ሠራተኛውም በጧት ብርድ የሚደርበውን፣ ፍሊስ የሚባለውን ስስና ለስላሳ ጃኬት ነው። ጥያቄዬም ሁለት ነው። ይህ ልብስ ከወዴት መጣ? ወደ ተራራ ለሚወጣ ሰውስ በእውነት ይጠቅማልን? ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባን ነገር አለ፤ ይኸውም ልብስ ራሱ ሙቀት የማይሰጥ መሆኑ ነው። ሙቀት የሚገኘው የበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ሲቃጠል ነው። የልብስ ሥራ ያ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህንንም የሚያደርገው በክሩ ሳይሆን በክሮቹ መካከል በያዘው አየር ነው። ከቦታው የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በጣም ቀስ ብሎ ያሳልፋል፤ ውሃ ግን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ያሳልፋል። ስለዚህ በላብ ወይም በዝናብ የራሰ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ልብሱ ቢበዛም እንኳ ይበርደዋል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በሳይንስ ቃል ባይጽፉትም በሥራ ያውቁት ነበር። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ተባዝቶና ተፈትሎ ከተሸመነ በኋላ፣ ጋቢ ሲሆን አራት ድርብ ሆኖ ይለበሳል። አራቱ ድርብ በመካከላቸው አየር ይይዛሉና የጋቢ ሙቀት ከዚያ ነው። በመንዝ ደጋ የሚውለው እረኛም ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ለምድ በትከሻው ላይ ይጥላል፤ በጠጉሩ መካከል ያለው አየር ከብርዱ ይጋርደዋል። እንግዲህ ልብስን መደረብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው፣ ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚውለው ጨርቅ ከበግ ወይም ከጥጥ ሳይሆን ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ መሆኑ ነው።

የተራራ ልብስ ታሪክ በሰፊው ተመዝግቦ የሚገኘው ከዓለም ተራራዎች ሁሉ ከፍተኛ በሆነውና 8,849 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በኤቨረስት ላይ ስለ ሆነ፣ ነገራችንን ከዚያ እንጀምር።

በ1922 እንግሊዞች ተራራውን ለመውጣት ሲነሡ፣ ጆርጅ ፊንች የሚባል በአውስትራልያ የተወለደ ኬሚስት ከመካከላቸው ነበረ። ይህ ሰው ለፊኛ መሥሪያ ከሚያገለግል ቀላል ጨርቅ ካፖርት አሰፍቶ፣ በውስጡ የባሕር ዳክዬ ለስላሳ ላባ አስሞላበት። ጓደኞቹ በመጀመሪያ ሳቁበት፤ ብርዱ ሲጠና ግን ቀኑበት። ግንቦት 27 ቀን ፊንችና ጓደኛው ጄፍሪ ብሩስ በኦክስጅን እየተረዱ ከ8,300 ሜትር በላይ ደረሱ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚያ ከፍታ የደረሰ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 8 ቀን 1924፣ ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን ወደ ጫፉ ሲወጡ ለመጨረሻ ጊዜ ታዩ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ስለ ሞታቸው ሲነገር ልብሳቸውን እንደ ሽርሽር ልብስ ቈጥረው የሚያቃልሉ ብዙ ነበሩ። ዳሩ ግን ግንቦት 1 ቀን 1999 የማሎሪ አስከሬን ከ8,150 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ተገኘ። ከገላው ላይ የተገኘው የልብስ ቍራጭ ሲመረመርም ነገሩ ሌላ ሆነ። ማሎሪ የለበሰው ስስ የሐር፣ የጥጥና የሱፍ ልብስ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የሚከለክል ጋባርዲን ነበረበት። ጋባርዲንን በ1879 የፈለሰፈው ቶማስ በርበሪ የተባለ እንግሊዛዊ ልብስ ነጋዴ ነው።

ከዚህም በኋላ ሊቃውንት የማሎሪን ልብስ አስመስለው አሠሩ፤ በ2006ም ግራም ሆይላንድ የተባለ ተራራ ወጪ ኤቨረስት ድረስ ወስዶ ለብሶ ሞከረው። ልብሱ ቀላል፣ ለእንቅስቃሴም የተመቸ ሆኖ ተገኘ። በልዩ ልዩ ምርመራ እንደ ታወቀውም፣ ሰው እየተንቀሳቀሰ ሳለና አየሩ መልካም ሲሆን ይበቃ ነበር፤ ነፋስ ሲበረታ ወይም ሌሊት በሜዳ ላይ ማደር ሲመጣ ግን አይበቃም ነበር። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ስስ ልብስ መደረብ የዛሬ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ልብስ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው ብቻውን ተለክቶ ሳይሆን፣ የት፣ መቼና ከምን ጋር እንደ ተለበሰ ታይቶ ነው። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ፍሊስንም የምንመዝነው በዚሁ ነውና።

ሱፍ ለረዥም ዘመን የብርድ አገር ሰዎች መመኪያ ነበረ። ቢርስም እንኳ ጥቂት ሙቀት ይጠብቃል፤ እሳትም ቶሎ አይዘውም። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይጠጣልና ሲርስ ይከብዳል፤ ለመድረቅም ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ሱፍን የመሰለ፣ ውሃ ግን የማይጠጣ ጨርቅ ማግኘት የብዙ ሰዎች ምኞት ነበረ።

ለዚህ መንገድ የከፈቱት ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ናቸው። እነርሱም በ1941 ፖሊየስተር የሚባለውን ክር ሠሩ። ይህ ክር ጠንካራ ነው፤ ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ የሚያህል ውሃ እንኳ አይጠጣም። ሆኖም በመጀመሪያ የተሠራበት ለሸሚዝ፣ ለቀሚስና ለሱሪ እንጂ ለተራራ ልብስ አልነበረም።

በ1961 ሄሊ ሃንሰን የተባለው የኖርዌይ የልብስ ድርጅት፣ በውጭ ለሚሠሩ ሰዎች ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ እንደ በግ ቆዳ ጠጉር ያለው የውስጥ ልብስ አወጣ። የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ አጥማጆችም እንዲህ ያለውን ሹራብ ከዝናብ ልብሳቸው በታች ይለብሱት ነበር። ባሕሩ ሁልጊዜ ያረጥባቸዋልና፣ ርሶም የሚያሞቅ፣ ቶሎም የሚደርቅ ልብስ ለእነርሱ የሕይወት ጉዳይ ነበረ።

ይህን የዓሣ አጥማጅ ልብስ ወደ ተራራ ካመጡት ሰዎች አንዱ ኢቮን ሹይናርድ ነው። ሹይናርድ በ1957 በገጽ የተራራ መውጫ ብረት እየቀጠቀጠ መሸጥ የጀመረ ወጣት ነበረ፤ በ1973 በካሊፎርኒያ ፓታጎንያ የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጠጉራም የሆነውን ጃኬት ለተራራ ወጪዎች አቀረበ። የመጀመሪያው ጨርቅ ግን ጕድለት ነበረበት፤ ከባድ ነበረ፣ ሲታጠብም ጠጉሩ እየተድበለበለ ያስቀይም ነበር። የተሻለውን ጨርቅ ለማግኘት ከማልደን ሚልስ ፋብሪካ ጋር አብረው ሠሩ።

ማልደን ሚልስ በ1906 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ አገር የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሆን፣ በ1956 ወደ ሎረንስ ከተማ ተዛወረ። ፋብሪካው የአውሬ ጠጉር የሚመስል የካፖርት ጨርቅ እየሠራ ብዙ ገንዘብ አግኝቶ ነበር፤ ይህ ዐይነት ካፖርት ከፋሽን ሲወጣ ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኪሳራ ላይ ወደቀ። ከዚህ ውድቀት ያወጣው አዲሱ የፖሊየስተር ጨርቅ ነው። ሁለቱም ገጹ ለስላሳ የሆነውን፣ የማይድበለበለውን ጨርቅ ፓታጎንያ በ1985 ሲንቺላ ብሎ ለገበያ አወጣው። ማልደን ሚልስም በበኩሉ ፖላርቴክ የሚል ስም ሰጠው። ዛሬ በየአገሩ በልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚሠራው ፍሊስ የዚህ ዘር ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የፖሊየስተሩ ክር በመኪና እንደ ሹራብ ይሠራል። ከዚያም ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ባላቸው ጥቅሎች መካከል እያለፈ ይበጠራል፤ በዚህ ጊዜ የክሩ ቀለበት እየተሳበና እየተበጠሰ እንደ ባዘቶ ይነፋል። በመጨረሻም ጠጉሩ እኩል እንዲሆን ይከረከማል። እናቶቻችን ጥጥ ሲባዝቱ የሚያዩትን ያን ለስላሳ ነገር መኪናው በተሠራ ጨርቅ ላይ ያወጣዋል ማለት ነው። በዚያ ጠጉር መካከል የታሰረው አየር ነው የሚያሞቀን።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ፍሊስ እንደ ክብደቱ በሦስት ይከፈላል፤ የጨርቁ ነጋዴዎችም 100፣ 200 እና 300 የሚል ቍጥር ይሰጡታል። ቀላል ፍሊስ የምንለው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ጃኬት ሆኖ ሲሰፋ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 350 ግራም ይመዝናል።

በጎ ጠባዩ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር በደንብ ያሞቃል። ሁለተኛ፣ ላብ በእንፋሎት መልክ በውስጡ አልፎ ይወጣልና፣ ሰው አቀበት ሲወጣ እንኳ ሳያወልቀው ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ቢርስ ተጨምቆና ተራግፎ ወዲያው ሊለበስ ይችላል፤ ክሩ ውሃ አይጠጣምና። አራተኛ፣ ቆዳን አይኰሰኵስም፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። አምስተኛ፣ ስስ ስለ ሆነ ከሌላ ልብስ በታች ያለ ጭንቅ ይገባል።

ጕድለቱም የበጎነቱ ጥላ ነው። ላብን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ነፋስንም ያሳልፋል። ፍሊስ ብቻውን ለብሶ ነፋስ በሚነፍስበት ገደል አፋፍ የቆመ ሰው፣ በጠጉሩ ውስጥ የተያዘው የሞቀ አየር ተጠርጎ ይወሰድበትና ምንም እንዳልለበሰ ያህል ሊሆን ይችላል። ዝናብም አይከለክልም። ከዚህ በላይ የሚያስጠነቅቀው የእሳት ነገር ነው። ፖሊየስተር በ250 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከእሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ላይ ፍም ቢፈናጠር ጨርቁ ይበሳል፤ ቢቀጣጠልም ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ነገር ሱፍ እጅግ ይሻላል። ደግሞም የላብ ሽታ በፖሊየስተር ላይ ከሱፍ ይልቅ ይጸናል።

ስለዚህ ልብስን በሦስት መደረብ የሚያስተምሩ ሰዎች ለፍሊስ የሚሰጡት ስፍራ መካከለኛውን ነው። ከገላ ጋር የሚነካካው ከነቴራ ላብን ከቆዳ ላይ ያነሣል፤ ይህም ከስስ ሱፍ ወይም ከፖሊየስተር ቢሆን ይመረጣል። መካከለኛው፣ ማለትም ፍሊሱ፣ አየርን ይይዛል። ከላይ የሚለበሰው ደግሞ ነፋስንና ዝናብን ይከለክላል። ለዚህ ለላይኛው ልብስ ታላቅ እርምጃ የተገኘው በ1969 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ፣ የውሃ ጠብታ የማያስገባ የላብ እንፋሎት ግን የሚያስወጣ ስስ ነገር አገኘ፤ ይህም ጎርቴክስ ተብሎ በ1976 ለገበያ ወጣ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሁለቱ ይደክማሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችን እዚህ ላይ እንደ ቃሉ ይሠራል።

ይህ ለእኛም ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች አካባቢ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቍጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ናትና፣ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን፣ የራስ ዳሸን ጫፍ ከእርስዋ በ14 ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው። ሌሊቱም ውሃ እስኪረጋ ድረስ ይቀዘቅዛል። ሰውን በብርድ የሚገድለውም በረዶ ብቻ አይደለም። ዝናብ፣ ነፋስና ድካም አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ከዜሮ በላይ ባለ ብርድም ቢሆን የሰው ሰውነት ሙቀቱን አጥቶ ይወድቃል። የጥጥ ሸሚዝና የጥጥ ሹራብ ብቻ ለብሶ ወደዚያ የሚወጣ ተማሪ ዝናብ ካገኘው አደጋ ላይ ነው። ጋቢም ቢሆን ደርቆ ሳለ በማረፊያ ስፍራ የሚተካው የለም፤ ርሶ ግን ሸክም ይሆናል።

እንግዲህ ፍሊስ የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት? ጃኬቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይየው፤ በክርንና በትከሻ ላይ ጠጉሩ አልቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሙቀቱን ጨርሶአል። በእጁ ይሸው፤ የተድበለበለው ጨርቅ አየር አይይዝም። ዚፑን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይሞክረው፤ በአንገት በኩል ብዙ ሙቀት ያመልጣልና። ልኩም ከገላ እጅግ የራቀ አይሁን፤ ከላዩ የነፋስ ልብስ ደርቦ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ወገቡ የማይገለጥ ይሁን። የጨርቁን ዐይነት የሚናገረውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ጥጥ የተቀላቀለበት ከሆነ ለተራራ አይሆንም። ከዚህ ሌላ የታወቀ ስም ያለበት ሆነ አልሆነ፣ ሙቀቱ የሚገኘው ከአየሩ እንጂ በደረት ላይ ከተሰፋው ምልክት አይደለም።

ነገር ግን የልብስ ሚዛን በለባሹ ምቾት ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም። የሠሩት ሰዎችም በሚዛኑ ላይ ሊቀመጡ ይገባል። ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ሌሊት የማልደን ሚልስ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ፤ ብዙ ሰዎች ቈሰሉ፣ የፋብሪካው ታላላቅ ሕንፃዎችም ወደሙ። የፋብሪካው ባለቤት አሮን ፊወርስቲን በዚያን ጊዜ 70 ዓመት ሆኖት ነበር። የኢንሹራንሱን ገንዘብ ይዞ ማረፍ ወይም ሥራውን ጕልበት ወደ ረከሰበት አገር ማዛወር ይችል ነበር። እርሱ ግን በዚያው በከተማው እንደሚሠራ ተናገረ፤ ሥራ ለፈቱትም ሠራተኞች ለወራት ደመወዛቸውን ከፈለ። አዲሱ ፋብሪካ በ1997 ተከፈተ። ሆኖም ዕዳው ከበደና በ2001 ፋብሪካው እንደ ገና ኪሳራ አስታወቀ፤ ፊወርስቲንም የአባቶቹን ፋብሪካ አጣ። በኋላም ፖላርቴክ ተብሎ በሌሎች ባለቤቶች እጅ ገባ፤ በ2015 መጨረሻ ሥራው ከሎረንስ ወደ ሌሎች ክፍለ አገሮች እንደሚዛወር ተነገረ። ፊወርስቲን በ2021 በ95 ዓመቱ ዐረፈ። አንዳንዶች ይህን ሰው የንግድ ሥራ የማያውቅ ይሉታል። እኔ ግን በእርሱ ደመወዝ በዚያ ክረምት ልጆቻቸውን የመገቡ ሰዎች እንደዚህ የሚሉ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጕዳይ የምድራችን ነው። ፓታጎንያ በ1993 ከተጣለ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፍሊስ መሥራት ጀመረ፤ ይህም ቆሻሻን ወደ ጥቅም መለወጥ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አመሰገነው። ነገር ግን በ2011 የታተመ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ፤ አንድ የፖሊየስተር ልብስ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ከ1,900 በላይ ጥቃቅን ክሮች ከውሃው ጋር ሊለቅ ይችላል። እነዚህ ክሮች አይበሰብሱም፤ በወንዝ አድርገው ባሕር ይገባሉ። በ2020 ደግሞ ሊቃውንት ከኤቨረስት ተራራ የመጣውን በረዶ መርምረው፣ 8,440 ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ የፕላስቲክ ቅንጣት አገኙ። ከተገኘውም የሚበዛው የፖሊየስተር ክር ነበረ። ማሎሪ ከሞተበት ስፍራ በላይ ዛሬ የልብሳችን ብናኝ ወድቆ ይገኛል።

ታዲያ ፍርዱ ምንድር ነው? ቀላሉ ፍሊስ ጃኬት መልካም ልብስ ነው፤ መልካም የሚሆነው ግን በስፍራው ሲሆን ነው። መካከለኛ ሆኖ ሲያገለግል የሚመስለው ጥቂት ነው፤ ብቻውን በነፋስና በዝናብ ፊት ሲቆም ግን ለባሹን ይከዳል። ያለው ሰው አዲስ ለመግዛት አይቸኵል፤ ያለውን ረዥም ዘመን ይልበስ፣ ሳይቈሽሽ አይጠበው፣ የተቀደደውን ይስፋ። የሌለው ሰልባጅም ቢሆን በተነገረው ምልክት መርጦ ቢገዛ አያፍርበትም። ወደ ተራራ የሚሄድ ሁሉ ግን ከፍሊሱ በፊት የነፋስና የዝናብ ልብሱን በከረጢቱ ውስጥ ያኑር።

ባዘቶን ከጥጥ ያወጡ እናቶች፣ ለምድን የለበሰ እረኛ፣ በላባ ካፖርቱ የተሣቀበት ኬሚስት፣ በሰሜን ባሕር የረጠበ ዓሣ አጥማጅ፣ ሁሉም የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት የሞቀ አየር በገላቸው ዙሪያ ማቆየት። ያንን አየር የሚያቆየውን ልብስ የምንለብስ እኛ ደግሞ፣ ማን እንደ ሠራውና ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄድ የማወቅ ግዴታ አለብን። ታሪክን የምንማረውም ለዚሁ ይመስለኛል።